በአቧራው ቀን የተነሣሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት፣ ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን የተቀቀለ በቆሎ ስንበላ ልጄ ቤቴል ከስልኳ ላይ ታነብልኝ ጀመር። ቤቴል የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። እሷ ትምህርቱን ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ራሴን አመመኝ» ማለት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ የራስ ቅልን አጥንቶች ስም አንድ በአንድ ሳያዳምጡ ክኒን አይገኝም።

የዚያን ቀን ወሬዋ ስለ ኒውክሌር ሕክምና ነበር።

«አየህ አባ፣ አሁን በሽታውን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ሞለኪውል ይሠራሉ። መጀመሪያ ትንሽ ጨረር አሸክመው ይልኩትና በሽታው የት እንዳለ ያሳያቸዋል። ከዚያ ያንኑ መልእክተኛ የሚገድል ጨረር አሸክመው ወደዚያው ይልኩታል። ደግሞ ሰውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በአንድ ጊዜ የሚያይ ካሜራ መጥቷል። ብዙ መተኛት የለም፣ ቶሎ ያልቃል።»

ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ነበር የምትነግረኝ። እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«ፔት የሚሉትን ነው?» አልኳት።

በቆሎዋን ከአፏ አራቀች። «አንተ ፔትን የት ታውቀዋለህ?»

«ውስጡ ተኝቼ።»

ኩዌት ሳለሁ ታምሜ እንደነበር ታውቃለች። እናቷ «አባትሽ አንዴ ክፉኛ ታሞ ነበር» ብላ ነግራታለች፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ማንም አላወራላትም፤ እኔም አላወራሁም። ሰው ከዳነ በኋላ ስለ ሕመሙ ማውራት የሚያስነውር ይመስለዋል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የዚያን ምሽት ለቤቴል ነገርኳት። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ደግሞ መዝጋት አቃተኝና ይኸው እጽፈዋለሁ።

ኩዌት የገባሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ነው። ራይ በሚባለው የመጋዘንና የዕቃ ማሳያ ሰፈር፣ የጣሪያ መብራቶች የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሐሪስ ሆንኩ። ሐሪስ ዘበኛ ማለት ነው፤ ቀን ቀን ግን ካርቶን እናወርዳለን፣ መስተዋት እንወለውላለን። አሠሪዬን ሁሉም ሰው አቡ ሳልም ይለዋል። ደልደል ያለ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀጥን ሰው ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ሄራሞ የዱራሜ ልጅ ነው፤ የአገሬ ሰው። የሱቁን ዋኔት፣ ማለት ፒክአፑን፣ እየነዳ የተሸጠውን መብራት የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሄራሞ ሹክሹክታ አያውቅም። ምስጢር የነገሩት ሰው ሁሉ ጎረቤት ሰምቶ ይጸጸታል።

ሕመሙ የጀመረኝ በማሳከክ ነው። ቀጥሎ ላብ መጣ፤ አንሶላዬ ተጨምቆ የተሰጣ እስኪመስል ያልበኝ ነበር። ነገር ግን ኩዌት ውስጥ ላብ ማንን ያሳስባል? አንድ ቀን ሄራሞ የሸሚዜን ኮሌታ ሊያስተካክልልኝ እጁን ሰደደና ቀጥ አለ።

«ማቴዎስ፣ አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሊምፎማ ይሉታል፤ የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር። ስሙን የነገረችኝ ዶክተር ኑራ የምትባል ኩዌታዊት ሐኪም ናት። እኛ እንደ አገሩ «ዶክቶራ» እንላት ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት። አንገቴ ላይ ያለው ትንሹ እንደሆነ፣ ትልቁ ደረቴ ውስጥ እንደተቀመጠ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ክረምቱን በሙሉ ኬሞ ወሰድኩ። የእነሱ ክረምት ማለት የእኛ በጋ ነው፤ በረሃው ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚነፍስበት። ፀጉሬ ረገፈ፣ ምግብ ሁሉ የሳንቲም ጣዕም ሆነብኝ። እህት አስቴር ግን አልለቀቀችኝም። አስቴር ሳልሚያ በሚባለው ሰፈር የአንዲት ማዳም ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ዓርብ ዓርብ በዕረፍቷ ቀን እዚያው ሳልሚያ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ተሰብስበን የምንጸልየውን ኅብረት የምትመራው እሷ ናት። የዶሮ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ እስከ ራይ ትመጣና፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ከፊቴ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ቆማ ስትጠብቅ ደግሞ እምቢ የሚላት የለም።

ቀስ በቀስ የአንገቴ ዕብጠት ቀለጠ። ማሳከኩ ተወኝ፣ ላቡም ቆመ። ዳንኩ ብዬ ነበር።

ኬሞው እንዳለቀ ደረቴን ሲቲ ስካን አነሡኝ። ዶክቶራ ሥዕሉን አሳየችኝ። ከደረት አጥንቴ በስተጀርባ የእንቁላል ያህል ነገር ቀርቶ ነበር።

«ሲጀመር ከቡጢዬ ይበልጥ ነበር። አሁን እዚህ ደርሷል፤ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ችግሩ ይህ ሥዕል የሚነግረኝ መጠኑን ብቻ መሆኑ ነው። ቤት ተቃጥሎ ግድግዳው ቆሞ ሊቀር ይችላል። ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር ከውጭ አይታይም።»

«ሕይወት ካለውስ?»

«ከበፊቱ የከበደ ሕክምና ነው፣ ረጅምም ነው። ከሞተ ግን ጠባሳ ነው፤ ይዘኸው ትኖራለህ። ይህን የሚለይ ፔት የሚባል አዲስ ማሽን አለን። ፈቃዱን አስወጣልሃለሁ።»

ይህን ለአቡ ሳልም ስነግረው በጣሪያው ላይ ከተንጠለጠሉት መብራቶች ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ካዳመጠኝ በኋላ መስበሐውን፣ መቁጠሪያውን ማለት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ያ ወሊዲ» አለኝ፤ ልጄ ሆይ እንደ ማለት ነው። «በሽታው ሕይወት ካለው ወደ እናትህ እልክሃለሁ። እኔ ወንድሜን ከባዕድ አገር በሣጥን ተቀብያለሁ። ሰው የሚታመመው እናቱ አጠገብ ነው። ኢቃማህም ሊያልቅ ነው፤ መንዱቡ መልስ እየጠበቀ ነው፤ ያድሰው ወይስ ቲኬት ይቁረጥ?»

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው፣ መንዱብ ደግሞ የሱቁን ወረቀት ሁሉ የሚያስጨርስ ሰው። አቡ ሳልም ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እቆጣው ነበር። ከልቡ አዝኖ ስለ ተናገረ ግን የምቆጣበት አጣሁ። የዚያን ጊዜ እኛ አገር እንደዚያ ያለው ሕክምና የሚታሰብ አልነበረም። እናቴ አጠገብ መታመም ማለት እናቴ እያየች መሞት ማለት ነበር። ለእሷ በስልክ «ጉንፋን ነው» ብያታለሁ።

«እስከ ፎቶው ቀን ጠብቀኝ» አልኩት።

«እስከ ፎቶው ቀን» አለ። «ከዚያ በኋላ መልሱ የኔም አይደለም፣ ያንተም አይደለም።»

ዶክቶራ የማሽኑን አሠራር እንዲህ አድርጋ ነው ያስረዳችኝ። ጨረር የተሸከመ ስኳር በደም ሥሬ ይሰጡኛል። ካንሰር ሆዳም ነው፤ ሕይወት ካለው ስኳሩን ከሌላው አካል ቀድሞ ይሻማል፣ ከዚያም ካሜራው ፊት እንደ ፋኖስ ያበራል። የሞተ ከሆነ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መጾም አለብኝ። ጡንቻም ስኳር ስለሚወስድ ከባድ ነገር ማንሣት፣ መሮጥ ክልክል ነው።

ይህቺን ትእዛዝ ሄራሞ እንደ ወንጌል ያዛት። ጫማዬን ላነሣ ጎንበስ ስል ከወዲያ ጮኸብኝ፤ ራሱ አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረው። እህት አስቴር ደግሞ ለኅብረቱ ሁሉ ደወለች። «ማቴዎስ በሐኪም ትእዛዝ ይጾማል፤ እኛ በፈቃዳችን እንጹም» አለቻቸው። ሰው ቤት ተቀጥረው ሩዝና ሥጋ ሲያማስሉ የሚውሉ እህቶች፣ ጨውን እንኳን ሳይቀምሱ ሲያበስሉ ዋሉ። አንዷ ማዳም «ዛሬ ወጡ ለምን ጨው በዛበት?» ብላ እንደተቆጣች በኋላ ሰምተን ሳቅን።

ጠዋት ስነሣ ሰማይ የለም። ጦዝ ይሉታል፣ የአቧራ ማዕበል ነው። መስኮቱ በሶ የተለጠፈበት ይመስላል። ከመጋዘኑ ማዶ ያለው ሕንፃ ጠፍቷል። ሄራሞ ፎጣ በውኃ ነክሮ አፍና አፍንጫዬን አሠረልኝና ጉዞ ጀመርን። ሪንግ ሮዱ ላይ መኪኖች የአደጋ መብራታቸውን እያብለጨለጩ ይንፏቀቃሉ። ሄራሞ ግንባሩን ከመስተዋቱ ሊያጋጥም ምንም ሳይቀረው ይነዳል፣ በየመሐሉም ይጸልያል፤ ጸሎቱና ከፊቱ ለገባበት ሾፌር የሚናገረው ነገር በአንድ እስትንፋስ ይወጣ ነበር። አቧራው በየቀዳዳው እየገባ ጉሮሮዬን ፋቀው። ሆስፒታሉ ስንደርስ እያሳልኩ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ልጃቸው የደገፋቸው አንዲት ኩዌታዊት አሮጊትና አንድ ሕንዳዊ ጎልማሳ ነበሩ። ሁላችንም ጾመናል፣ ሁላችንም የምንጠብቀው ያንኑ ስኳር ነው። ስኳሩ ግን አልመጣም። መድኃኒቱ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በዚያው ጠዋት ይሠራና ጉልበቱ ሳይደክም መድረስ አለበት። የያዘው መኪና አቧራው ውስጥ ነበር። በረዶ ተሸክሞ በፀሐይ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ በዘገየ ቁጥር የሚያደርሰው ያንሳል።

በመጨረሻ መጣ። አሮጊቷ ተጠሩ፣ ሕንዳዊው ተጠራ። እኔ ስጠብቅ ዶክቶራ ራሷ ወጣች። ከፊቷ ላይ አነበብኩት።

«ማቴዎስ፣ የቀረው ደካማ ነው። ሌላ ሳምንት ብንቀጥርህስ?»

«ዶክቶራ፣ ሌላ ሳምንት እዚህ አገር ላልኖር እችላለሁ።» ስለ ኢቃማው፣ አቡ ሳልም ስላለው ነገር አፌ እየተንተባተበ ነገርኳት።

ተመልሳ ገባች። በመስተዋቱ በኩል ከማሽኑ ባለሙያ ጋር፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ናት፣ ሲነጋገሩ አየኋቸው። አንዷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሌላዋ በጣቷ ታስባለች። ሄራሞ እጄን ጨምድዶ ይዞኛል። ዶክቶራ ተመልሳ መጣች።

«አንድ መንገድ አለ። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ካሜራው ብዙ ቆይቶ ማየት አለበት። ከሌሎቹ በጣም የረዘመ ጊዜ ትተኛለህ። እጅህ ከራስህ በላይ ተሰቅሎ። መንቀሳቀስ የለም። ማሳልም የለም። ካሳልክ ደረትህ ይነቃነቃል፣ ሥዕሉ ይበላሻል፣ መድኃኒቱም አብቅቷል። ትችላለህ?»

ከጠዋት ጀምሮ ሳል አላቆምኩም። «እችላለሁ» አልኳት። ምን ልበላት?

መርፌው በወፍራም ብረት ተሸፍኖ መጣ። ከተወጋሁ በኋላ ጨለም ባለች ክፍል ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ብቻዬን ተውኝ፤ ማውራት እንኳን ክልክል ነው። ስኳሩ በሰውነቴ ውስጥ በር እያንኳኳ ሲዞር ታየኝ። «የሚበላ አለ?» ይላል። «አንተ ደረቴ ውስጥ ያለኸው፣ ዝም በል፣ አትክፈትለት» እለዋለሁ በልቤ።

ከዚያ ወደ ማሽኑ። እጆቼን ወደ ላይ ሰቀልኩ፣ ማሰሪያ አደረጉልኝ፣ አልጋው ወደ ቀለበቱ ውስጥ ተሳበ። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ቆይቶ ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። ትከሻውን እየታገልኩ ሳለሁ ሳሉ መጣ። ጉሮሮዬ ሥር እንደ ጉንዳን ይሄዳል። ዋጥኩት። ተመለሰ። ሌላ ነገር ማሰብ አለብኝ ብዬ ዱራሜ ሄድኩ። ከእናቴ ጋር ዝንጅብል ተሸክመን ወደ ገበያ የምንሄድበትን መንገድ ከቤታችን በር ጀመርኩት፤ እንሰቱን አልፌ፣ ዝናብ የሸረሸረውን ቁልቁለት ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ። እርጥብ ዝንጅብል ሸተተኝ። ጉሮሮዬ ለቀቀኝ። ገበያ ደርሼ እንደገና ከቤታችን በር ጀመርኩ። እንባዬ በጎንና በጎን ፈሶ ጆሮዬ ውስጥ ተጠራቀመ፣ መጥረግ የለም። ከድምፅ ማጉያው የባለሙያዋ ድምፅ በየጊዜው ይመጣል፤ «ትንሽ ቀረህ፣ ትንሽ ቀረህ»። ይህቺ ሴት እንደምትዋሽ ከሁለተኛው በኋላ ገባኝ፤ ግን ደግ ውሸት ነበረች።

አልጋው ወደ ኋላ ሲሳብና «አለቀ» ስትለኝ፣ ያጠራቀምኩትን ሳል ሁሉ በአንድነት ሳልኩት። እስክጨርስ ጀርባዬን ትመታኝ ነበር። «ጀግና» አለችኝ በተሰባበረ ዓረብኛዋ።

ስወጣ እስከ ማታ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር እንድርቅ ነገሩኝ። ሄራሞ ከዋኔቱ በር ጋር ተጣብቆ ያየኛል።

«እኔስ?»

«አርግዘሃል?»

«አትቀልድ፣ ጨረር አለብህ ብለዋል!» ብሎ መስኮቱን ከፈተው። አቧራው ግልብጥ ብሎ ገባ። ዘጋው። ትንሽ ሄደን እኔን አየት አድርጎ መልሶ ከፈተው። ከእኔና ከአቧራው የቱን እንደሚፈራ ሳይወስን ራይ ደረስን። ኹብዝ፣ የዓረብ ዳቦ፣ በምስር ወጥ አዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ሁለት ዙር በላሁ።

ውጤቱ በተባለበት ቀን ማዕበሉ አልፎ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ ከተማው ግን ገና በአቧራ ተሸፍኗል፤ በየበሩ ሰው ይጠርጋል፣ መኪና ያጥባል። ሄራሞ ሊያደርሰኝ ሲነሣ አቡ ሳልም የራሱን መኪና በር ከፈተልኝ። «ዛሬ ሾፌሩ እኔ ነኝ» አለ። መንገዱን በሙሉ በአንድ እጁ መስበሐውን እየቆጠረ ነዳ።

ዶክቶራ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ነበር። እስክቀመጥ አልጠበቀችም።

«ማኩ» አለችኝ። «ማኩ ሼይ፣ ያ ማቴዎስ!»

ማኩ በኩዌቶች አፍ «የለም» ማለት ነው። ያን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ የጠላሁት ቃል እሱ ነበር። ፈቃድ ስትጠይቅ ማኩ፣ ሥራ ስትጠይቅ ማኩ። ያን ቀን ግን ከዚያ የጣፈጠ ቃል በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። ምንም የለም!

ሥዕሉን አሳየችን። የእኔ አካል ነው፣ እንደ ጥላ። አንጎሌ ያበራል፣ ፊኛዬ ያበራል፤ እነሱ ሁልጊዜም እንዲያ ናቸው አለች። ከዚያ ጣቷን ደረቴ ላይ፣ እንቁላሉ የተቀመጠበት ቦታ ላይ አደረገች። ጨለማ። ጥርት ያለ፣ ያልደበዘዘ ጨለማ።

«ስኳሩ ደጃፉ ድረስ ሄዶለታል፤ አልቀመሰውም» አለች። «የሞተ ነገር አይበላም።»

«ማይት?» አላት አቡ ሳልም፣ «ሞቷል?»

«ማይት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አቡ ሳልም፣ በራሱ ላይ በጠመጠመው ጉትራ ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ። ሞተ ሲባል እንዲያ ተብሎ ሲመሰገን ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። እዚያው ቆሞ ለመንዱቡ ደወለ፤ «የማቴዎስን ኢቃማ አድስ! ዛሬ! ነገ አላልኩህም፣ ዛሬ!» ሲል ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ ሊበጠስ ደረሰ። ዶክቶራ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ለካ ገና ወጣት ናት።

በዓርቡ ሳልሚያ ያለው አፓርታማ ጢም ብሎ ሞላ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ሁልጊዜ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ መስኮት ዘግተን ነው የምንዘምረው። እህት አስቴር ከፊት ቆማ «ወንድማችን…» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ሄራሞ ጨረሰላት፤ «ሞቷል! ዕጢው ሞቷል!» ብሎ ጮኸ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ፤ ሁላችንም ጭጭ አልን። ከፎቅ በታች የሚኖር ግብፃዊ ነው፤ ሊቆጣ እንደመጣ ያስታውቃል።

«ምንድን ነው፣ ሠርግ ነው?»

«አዎ፣ ደስታ ነው!» አለው ሄራሞ።

«ታዲያ ሙሽራው የታለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ፤ ፀጉር ወደሌለኝ፣ ቅንድብ ወደሌለኝ፣ ሸሚዙ ወደሚዋኝብኝ ሰው። አስቴር ነገሩን በአጭሩ አስረዳችው። ሰውየው ጫማውን አወለቀ፣ በሰው መሐል አልፎ መጣ፣ ሁለቱን ጉንጮቼን ሳመኝ። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ በትልቅ ትሪ ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ ኬክ ይዛ መጣች፣ ሽሮፑ የሚንጠባጠብ። ብላ ያሉኝን ሁሉ በላሁ። ከሕያዋን ነኛ!

በዚያው ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ታምሜ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ» አልኳት። 

«ጉንፋን እንዳልነበረ አውቃለሁ» አለችኝ። «የወለድኩትን ድምፅ አላውቅም? አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።» ከዚያም በስልክ ውስጥ እልል አለች፤ አንድ የገጠር ሴት ብቻዋን፣ በሙሉ ድምፅዋ።

ለቤቴል ይህን ሁሉ ስነግራት መሽቶ ነበር። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ግን ተማሪ ናትና ጥያቄዋ አልቀረም።

«ጠባሳው አሁንም አለ?»

«አለ። በየጊዜው ሲያነሡኝ ነበር፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ደባል ነው፤ ተስማምተን እንኖራለን።»

ስለ አዳዲሶቹ ግኝቶች ያነበበችልኝን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ለብዙ ሰው ወሬ ነው፤ ስማቸው የማይያዝ ሞለኪውሎች፣ ውድ ካሜራዎች፣ ሩቅ አገር ያሉ ሊቃውንት። አንዱን ሐሳብ ከሌላው የሚያስበልጠው ምን እንደሆነ እኔ አልፈርድም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ዓመት፣ ካንሰር ስኳር እንደሚወድ ልብ ብሎ፣ ስኳሩን መብራት አሸክሞ ለመላክ አሰበ። ያ ሰው ስሜን ሰምቶ አያውቅም። እሱ ባያስብ ኖሮ ግን በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ገና ምንም ሳላይ፣ የሞተን ነገር ፈርቼ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር። ቤቴልም በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ስለ ጨረር አታስተምረኝም ነበር። ስለዚህ እሷ «አዲስ ነገር ተገኘ» ስትለኝ እኔ የሚታየኝ ገና ያልደረሰለት አንድ ሰው ነው፤ የሆነ አገር፣ የሆነ ሆስፒታል፣ እየጠበቀ። ይድረስለት።

ዛሬ ፀጉሬ ተመልሶ በቅሎ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ከጎንና ከጎን መሸበት ጀምሯል። ቤቴል «አባ፣ አስረጅቶሃል፣ ተቀባው» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ለልደቴም ቀለም ገዝታልኝ ነበር። ለጎረቤታችን ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ አዲስ የበቀለ ነጭ ፀጉር ካለ እፈልጋለሁ፤ ሳገኝም ደስ ይለኛል።